የመጋረጃው ዋስ

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ረፋድ

አንደኛ ክ/ጊዜ 9ኛ ሀ። መብራት የለም። ኮምፒውተርን በጠመኔ አስተማርኩ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጾምም ገባ።

ከክፍል ስወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ምን ባነብ ጥሩ ነው? የፈጠራ ሥራ ትርኢት፣ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ከዞን እንግዶች ይገኛሉ። «ደብራችን በመነጽር። የፈጠራው ባለቤት፦ ምክትል ርእሰ መምህር ታደለ።»

ባለቤት! ኧረ እሳት ይብላው!

ደብተሬ፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁት እኔ ስንዱ ነኝ። ገደሉ አናት ላይ ያለችውን ደብራችንን ከደጀ ሰላም እስከ መጋረጃው በስልኬ አነሣሁ። ፎቶውን ለኤአይ ሰጠሁት፤ አገጣጥሞ ሰፋልኝ። የት/ቤቱን ቪአር፣ ዓይን ሸፍኖ ሌላ ቦታ የሚያሳየውን መነጽር፣ ያጠለቀ ሰው ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆሞ ዞር ዞር ይላል፣ ጣራውን ቀና ብሎ ያያል። ቢጠይቅ መሪው በአማርኛ ይመልስለታል። የመሪው ድምፅ የአባቴ ነው፤ ሲያወጉ ቀድቼ ኤአዩን ያስተማርኩት በእሳቸው ነው።

ለማን ብዬ? ለአባባ። መሪጌታ ናቸው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ሽቅብ መውጣት ቀረ። ደወሏን ከቤት ሆነው ይሰማሉ እንጂ አያዩዋትም። መነጽሩን ያጠለቅኩላቸው ቀን ዓምዱን ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። እኔ ለዚህ ነው የሠራሁት። ታደለ ለሹመት ይፈልገዋል።

ያው ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ታደለ ቢሮ ገባሁ። አንቱ እያልኩ፣ በትሕትና። ሳቀ። መነጽሩ የት/ቤቱ፣ ኮምፒውተሩ የት/ቤቱ፣ ስለዚህ ሥራውም የት/ቤቱ። ት/ቤቱ ደግሞ እሱ! እኔ «ረድቻለሁ»። ምስጋናው ላይ ስሜን ያነሣል፣ ካስታወሰ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው፣ ከሌላ አይደለም። ቆይ ብቻ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከሰዓት

መብራት መጣ። ሥራውን ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉ አሁንም የኔው ነው፤ ሰውዬው መቀየር እንኳ አያውቅም። አየሁ። እልል!

መጋረጃው ተከፍቷል። እኔ መቅደሱን አላነሣሁም። ከካህናት በቀር ማን ገብቶ ያውቃል? ታደለ ግን ኤአዩን የጎደለውን ሁሉ ሙላልኝ ብሎታል። ኤአይ ደግሞ አላውቅም ማለት አይሆንለትም። ሞላው። ከመጋረጃው ጀርባ የፈረንጅ አዳራሽ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ መሐሉ ላይ ክንፍ ያለው ነጭ የድንጋይ ሐውልት። በእኛ ደብር መቅደስ! ታደለ እስከ መጨረሻው ሄዶ አላየውም። መቼ ሠርቶ ያውቃልና!

ሐሙስ የደብሩ አለቃ ከፊት ይቀመጣሉ፣ ካህናቱ ከጎናቸው። መነጽሩ ውስጥ ያለው ሁሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል። በአለቃው ፊት መጋረጃው ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ እዚህ ሞላሌ ከተማ ማን ሰላም ይለዋል? አልነግረውም። ጭጭ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሰላም አለኝ። ፈገግ አልኩለት። መነጽሩን ቻርጅ አድርጊልኝ አለ፤ እሺ አልኩ። መስተዋቱንም ወለወልኩለት፣ ጥርት ብሎ ይታይ። ሽሮዬ እንኳ ዛሬ ጣፈጠኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ኅዳር ጽዮን። አባባ ዘንድ ነኝ። ማኅሌቱ ከላይ ይሰማል። ግድግዳ ተደግፈው በከንፈራቸው ይከተላሉ።

ሁሉን ነገርኳቸው። ሌብነቱን፣ ሐውልቱን፣ ሐሙስ የሚሆነውን። እሰይ የሚሉኝ መስሎኝ! «ዋሱ ማን ነበር?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ረስቼው! አለቃው አባባን ሊጠይቁ ቤት የመጡ ቀን፣ ደብሯን ፎቶ ላንሣ ብላቸው እምቢ ብለው ነበር። ዋስ ጥሪ አሉኝ። አባባ ናቸው በከዘራ ተደግፈው ተነሥተው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ምንም እንዳይታይ እኔ ዋስ ያሉት። ሐሙስ መጋረጃው ቢከፈት መጀመሪያ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። አገሩ እንደዚህ ነው፤ አጥፊውን ከመፈለጉ በፊት ዋሱን ይዞ ይጠይቃል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ ደግሞ። ነደደኝ። የሰረቀው እሱ፣ ተግሣጹ ለኔ! ይቅር በዪው ካሉኝ አልችልም አልኩ። «ይቅር በዪው የሚል ከአፌ ወጥቷል ወይ?» አሉ። «መጋረጃውን ዝጊ ነው የምልሽ።» ከዚያ የስልኬን ድምፅ መቅጃ አስከፍተው ተቀበሉኝ። መጋረጃው ጋ ሲደረስ የሚሰማ ቃል እናገራለሁ ብለው ከቤት አስወጡኝ። እስከ ሐሙስ እንዳልሰማው አስማሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ጠዋት

ዘጋሁት። እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያን ሐውልት ሳጠፋ አንጀቴ አረረ። የአባባን ቃል መጋረጃው ላይ አስገባሁ፤ ሊያልፍ የሚል ይሰማዋል። አልሰማሁትም፣ መሐላ ነው። ምርቃት ይሆን? ለታደለ ምርቃት ከሆነ አብዳለሁ። ቂሜ እንዳለ ነው። የት ላድርገው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

አሁን ከአዳራሹ ቤት መግባቴ ነው። ቸኩያለሁ፤ ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

አባባን በባጃጅ አመጣኋቸው። ከኋላ ወንበር አስቀመጥኩ። ታደለ አዲስ ኮት ለብሷል። ሐሳቡ እንዴት እንደ መጣለት ተናገረ። ተናገረ፣ ተናገረ። ጥርሴን ነከስኩ።

የዞኑ እንግዳ መነጽሩን አጠለቁ። ደጀ ሰላሙ ላይ መሪው ጫማ ይውለቅ ሲል እውነት መስሏቸው ጫማቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አለቃው እንኳ ሳቁ። ቅኔ ማኅሌቱን ዞሩ፣ ስለ ከበሮው ጠየቁ፣ መሪው መለሰ። ቅድስት ገቡ። መጋረጃው ጋ ደረሱ። የአባባ ድምፅ፣ የራሳቸው፣ ከነሳላቸው፣ አዳራሹን ሞላው፦

«ቁም። ከዚህ ወዲያ አይታይም። እስከዚህ ያደረሰችህ ልጄ ስንዱ ናት። ዋሷ እኔ ነኝ። ሌላ ሠራሁ የሚል ካለ፣ ዋሱን ይጥራ።»

እንግዳው መነጽሩን አወለቁ። አለቃው ወደ ታደለ ዞረው ዋስህን ጥራ አሉት። አሁን አልሳቁም።

ፊቱ አመድ መሰለ። ዓይኑ ሰው ፈለገ። መምህራኑ ሁሉ ወደ መሬት ያያሉ። መጨረሻ ላይ ማንን አገኘ? እኔን! ስንዱ ታውቃለች፣ አብረን ነው የሠራነው፣ እሷ ትዋሰኛለች አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባባን አየኋቸው። ከዘራቸውን ያያሉ።

ተነሣሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰውዬ ዓይኑን እያየሁ፣ «ዋስ አልሆንህም» አልኩት።

ተቀመጥኩ።