ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክብደት

ሰኞ፣ ኦገስት 4

የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ልምምድ ተጀመረ። ሚዛን ላይ ወጣሁ… 247 ፓውንድ። አምና የወረድኩትም 247 ላይ ነበር። ዕረፍቱን ሙሉ እማ የጠበሰችውን ዓሣ ስጨርስ ከርሜ አንድ ፓውንድ እንኳ የለም። የት ነው የሚሄደው?

ሥርዓቱ ያው የአምናው ነው። ከልምምድ በፊት መመዘን፣ ከልምምድ በኋላ መመዘን። ቁጥሩን እያንዳንዱ ራሱ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ይጽፋል። በላብ ከመቶ ሦስት እጅ በላይ የቀነሰ ሰው ስሙ በቀይ ይከበባል፣ ክብደቱ እስኪመለስ ሜዳ አይገባም። የሚከብቡት የቡድኑ ሕክምና ኃላፊ ሚስ ጆርጂን ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ኮች ራትሊፍ ራሱ ሚዛኑ ላይ ይቆማል። የመከላከያው መስመር የሱ ነው። እኛም የሱ ነን።

ከሰዓት ጠራኝ።

"ኩዊንሲ፣ ፈጣን ነህ፣ ማንም አይክድህም። ግን ሦስት መቶ ፓውንድ ሰው ደረቱን ሲሰጥህ ፍጥነትህን ምን ታደርገዋለህ? ይዘኸው ልትሸሽ ነው?"

"አይደለም ኮች።"

"ሜይ ላይ 265 ሁን ብዬህ ነበር። ቅዳሜ አይሃለሁ። ካልሆነ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ።"

ቦታዬ ሄደ ማለት ከዲሴምበር በኋላ ኮሌጁ አይከፍልልኝም ማለት ነው። ከዚያ እማ ጋ፣ ዓሣ ፋብሪካ፣ ቢላ ይዞ ቀኑን ሙሉ መቆም። እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። "አንተ እዚህ አትቆማትም" ትላለች።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ስድስት እንቁላል። ሁለት ሳህን የበቆሎ ገንፎ። ኦቾሎኒ ቅቤ በማንኪያ። ግማሹ ሽንት ቤት ቀረ… 249።

አብሮኝ የሚኖረው ኦዴል የኔ ተቃራኒ ነው። 336 ይመዝናል፤ እኔ ቁም ሳጥን እለዋለሁ፣ እሱ እኔን ክብሪት። እሱን ደግሞ ኮች "አንተ እስክትዞር ጨዋታው ያልቃል፣ 315 ግባ" ብሎታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ።

"ቁም ሳጥን፣ ሃያውን ስጠኝና ሁለታችንም እንረፍ" አልኩት ምሳ ላይ።

"ቆርጬ ልስጥህ ክብሪት? ቢላው ያለው እናትህ ጋ ነው።"

ከዚያ የተለመደው ክርክር። ትልቅነት ነው ፍጥነት? ኦዴል እንዲህ ይላል፦ "እኔ ሁለት ሰው ይዤ ስቆም ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ነፃ ናቸው። ቁም ሳጥን ይሮጣል እንዴ? ቁም ሳጥን ይቆማል።" እኔ ደግሞ፦ "የምናሳድደው ኳስ ወርዋሪ ግን ቆሞ አይጠብቅህም። ያለው ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። አንተ እስክትነሳ ወርውሮ፣ ታጥቦ፣ ምሳውን ይበላል።" ጠረጴዛው በሳቅ ሞተ። እሱ ግን ሳቁ ሲያልቅ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ምንም አልበላም።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ፍጥነት ይበልጣል የምለው ስለምፈራ ነው። አምና ሁለት ተጋጣሚዎች ከግራና ከቀኝ ሲገጥሙኝ ከጉልበቴ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ምንም አልሆንኩም… ግን ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣም። ፈጣን የሆንኩት ምናልባት እንዳይደርሱብኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

አደረግኩት።

ከጂም ሁለት ጠፍጣፋ ብረት፣ አምስት አምስት ፓውንድ። ከውስጥ ከምንለብሰው ጠባብ ቁምጣ ኋላ፣ ወገቤ ላይ በፕላስተር። ከዚያ ሆዴ እስኪወጠር ውሃ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ብረቱ ቀዝቃዛ፣ ፊቴ እሳት። 266!

ኮች ማጅራቴን መታኝ። "አሁን ሰው መሰልክ!" ብረቱ ይጋጭና ይሰማል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልተሰማም።

ያላሰብኩት ነገር… 266 ነህ ካለ እንደ 266 ነው የሚያጫውተኝ። ዛሬውኑ መሐል አቆመኝ፣ ሁለት ሰው የሚመጣበት ቦታ። የሌለኝን አሥራ ሰባት ፓውንድ አምኖ። አራት ጊዜ በጀርባዬ ወደቅኩ። አንዴ ብቻ እጃቸውን ሳያነሱ በመሐላቸው ሾልኬ ወርዋሪውን ነካሁት።

"ዕድል ነው!" አለ ኮች።

ዕድል ነው? እኔ እግሬን አውቀዋለሁ። ጎኔ ስተነፍስ ይወጋኛል። ለሚስ ጆርጂን ልንገራቸው? ልብስህን አውልቅ ቢሉኝስ?

ሰኞ፣ ኦገስት 11

ሙቀቱ ይገድላል። ሣሩ ራሱ ይተነፍሳል።

ኦዴል ከማሊያው ሥር እንዲያልበው የቆሻሻ ፕላስቲክ ከረጢት ለብሶ ነው የሚሠራው። ክንዱን አንስቶ አየሁት፣ ውሃ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። ሲገባ 333፣ ሲወጣ 321። አሥራ ሁለት ፓውንድ በአንድ ጠዋት! ይህ ከተጻፈ በቀይ ይከበባል፣ ነገ ይቀመጣል።

"327 ብለህ ጻፍልኝ።"

"ራስህ ጻፈው።"

"እጄ እምቢ አለኝ ክብሪት። እየው።" እጁ ይንቀጠቀጣል። እስክሪብቶውን ሊይዝ አልቻለም።

ጻፍኩ። 327። የሱን አጻጻፍ ሳይቀር አስመስዬ፣ ሰባቷን በመሐል ሰርዤ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የኦዴል ሽንት ጠቁሮ በበረዶ የሚጠጣውን ሻይ መስሏል። ሊያሳየኝ ጠራኝና እየሳቀ "በረዶ ጨምርበት" አለኝ። አልሳቅኩም። ሌሊት እግሩን ጨምድዶ ሲይዘው ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ።

"ለሚስ ጆርጂን እንንገራቸው" አልኩት።

አንድ ክፍል ነን፣ ብረቶቹን አይቷል። "ያንተንስ ብረት?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ወረቀቱ አንድ ነው። እኔን ሲያዩ ያንተንም ያያሉ። እስከ ቅዳሜ ብቻ… ወንድሜ አይደለህ?"

ዛሬም ጻፍኩለት። ፈራሁ። ለሱ ነው የፈራሁት ለኔ? ይሄን ጥያቄ አልወደድኩትም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 13

ኦዴል ወደቀ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ እሞክራለሁ።

ጠዋት ሜዳ ላይ ለጉልበት ልምምድ የሚገፋውን ከባድ ብረት እየገፋን ነበር። ኦዴል ዞሮ "ቴሬል፣ በሩን ዝጋ" አለኝ። ቴሬል ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ቴክሳስ ነው ያለው። ሜዳ ላይ በር የለም። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደና በፊቱ ተደፋ።

ለስድስት ተሸክመን በረዶ ውሃ የሞላው ገንዳ ውስጥ ከተትነው። ሚስ ጆርጂን ጭንቅላቱን በክንዳቸው ይዘው "ኦዴል፣ ልጄ፣ አናግረኝ" ይላሉ። ዓይኑ ክፍት ነው ግን አያይም። አምቡላንስ መጣ። የአምቡላንሱ ሰውዬ ኦዴል ስንት ውሃ እንደጎደለው ጠየቀ። ሚስ ጆርጂን ወረቀቱን አስመጥተው አነበቡ።

"ዛሬ ጠዋት 328 ነው የሚለው። ይሄ ልጅ ምንም አልጎደለውም እኮ። ሌላ ነገር ወስዶ ይሆን? ክኒን? ልቡ ይሆን?"

ሁሉም ተያዩ። ኮች ራትሊፍ ከጎኔ ቆሟል።

እኔ ዝም አልኩ… እዚህ እንኳ ልዋሽ አልፈልግም። ዝም አልኩ። ኮችን አየሁት፣ እማን አሰብኩ፣ ፋብሪካውን አሰብኩ። ጓደኛዬ ገንዳ ውስጥ ተንሳፍፎ እኔ ስለ ቢላ አሰብኩ። ስንት ጊዜ ቆየሁ? አሥር ሰከንድ? በአሥር ሰከንድ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እሮጣለሁ።

ከዚያ ድምፄ ወጣ። "ወረቀቱ ውሸት ነው። ዛሬ ጠዋት 317 ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ሚስ ጆርጂን አልተቆጡም። ቀና ብለው "እንደገና በለው፣ ለሰውየው ጮክ ብለህ" አሉኝ። ጮክ ብዬ አልኩት።

አርብ፣ ኦገስት 15

ኩላሊቱን ነው የሚፈሩት። ነቅቷል፣ ግን ዶክተሩ "እናያለን" ብቻ ነው የሚለው። እናያለን ምን ማለት ነው?

እናቱ ሚስ ቨርኔል ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። "አንተ ነህ ክብሪት? ልጄ ሲደውል ስላንተ ብቻ ነው የሚያወራው" ብለው አቀፉኝ። እዚያው እንዳቀፉኝ ነገርኳቸው፣ ፊታቸውን ሳላይ። እጃቸው ጀርባዬ ላይ ቆመ።

"ተቀመጥ" አሉኝ በመጨረሻ። "ምሳ በልተሃል?"

ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ከሰዓት ኮች ቢሮ። ሳይጠይቀኝ ብረቶቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። ፕላስተሩ አሁንም አለበት።

"266?" አለኝ።

"249 ኮች። አሁን ከዚያም በታች።"

አንዱን ብረት አንስቶ ገለበጠው፣ መለሰው። "315 ግባ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ለኔ ይሁን ለብረቱ አላወቅኩም። ከዚያ ድምፁን አጠነከረ። "ነገ በሁሉም ፊት ትመዘናለህ። አሁን ውጣ።"

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

በሁሉም ፊት። በቁምጣ ብቻ። 244።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በኔ ቦታ ከሚሰለፉት ተራዬ ሦስተኛ ሆነ። ከሦስተኛ በታች የለም። እማ ጋ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና "ልጁ ተርፏል?" አለች። "ተርፏል።" "እንግዲያ ሌላው ይደርሳል" አለች። ጎኔንም ለሚስ ጆርጂን አሳየሁ። አልተሰበረም።

እሑድ፣ ኦገስት 24

ኦዴል ከሆስፒታል ወጣ! ኩላሊቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዘንድሮ ግን አይጫወትም። 309 ሆኗል። ኮች የፈለገውን አገኘ ልለው አሰብኩ፣ ምላሴን ያዝኩ። ኦዴል ራሱ ተናገረው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ወረቀቱን ከግድግዳው አነሱት። አሁን ማንም የራሱን አይጽፍም። ሚዛኑ አጠገብ ወንበር ተቀምጧል፣ ወንበሩ ላይ ኦዴል፣ ጭኑ ላይ ደብተር። ሚስ ጆርጂን ናቸው የመደቡት። ቁጥር ያነብባል፣ ይጽፋል፣ ይሳደባል። "አንተ፣ ትናንት አሳማ ነው የበላኸው በግ?"

ይህን ሳምንት ደህና ነበርኩ። ኮች ተቃራኒው ረጅም ሊወረውር ሲሆን ብቻ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያስገባኛል፣ ሁለት ሰው በማይመጣበት። ትናንት ሦስቴ ወርዋሪው ጋ ደረስኩ። ዛሬ "ዕድል" አላለም። "ቅዳሜ ጨዋታ ላይ የሚገቡትን ነገ ልምምድ አይቼ እመርጣለሁ" አለ፣ እኔን እያየ።

ስለዚህ ዛሬ ልቤ እስኪጠፋ ሮጥኩ።

ስገባ 245 ነበርኩ። ስወጣ ሚዛኑ ላይ ቆምኩ… ኦዴል አጎነበሰ፣ አየ፣ ምንም አላነበበም። እኔም አየሁት። 237። ስምንት ፓውንድ። ከሦስት እጅ በላይ።

ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ሚስ ጆርጂን በረዶ ሊያመጡ ወጥተዋል። ኦዴል እስክሪብቶውን ይዞ ቀና አለ። እጁ አይንቀጠቀጥም።

"ክብሪት… ነገ እኮ ነው የሚመርጠው።"

"አውቃለሁ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

እንደዚያን ቀን ዝም ማለት አማረኝ። አንድ ሰከንድ ያህል… ሁለት።

"ያየኸውን ጻፍ።"

ጻፈ። ከዚያ ቀዩን አንስቶ ስሜን ቀስ ብሎ ዙሪያውን ከበበው። "ትልቁ ወደቀ፣ ፈጣኑ ተቀመጠ" አለ። "እንግዲህ ለኮች ማን ቀረለት?" ሳቅን። ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

ነገ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ላልገባ እችላለሁ፣ ዲሴምበርም ሩቅ አይደለም። ፈርቻለሁ፣ አልክድም። ኦዴል አልጋው ላይ ተጋድሞ በየሩብ ሰዓቱ "ጠጣ" ይለኛል። ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ነኝ።