ቆመው ስለተናገሩበት ላሜራ

ለክልሉ አስተዳዳሪነት ለሚወዳደሩት፣ እጅግ ለተከበሩት ዕጩአችን፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ባለፈው ረቡዕ በሰፈራችን አርባ ደቂቃ ሙሉ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ስለተናገሩ የጉሮሮዎ ነገር አሳስቦናል። እኛ ከጉድጓዱ በስተቀር ደህና ነን።

እኔ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። እናቴ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። የፍሳሽ ቦዩ ክዳን ተሰብሮ የተከፈተው ጉድጓድ መንገዱን ከቆረጠው ወዲህ ግን አምቡላንስ ደጃችን መድረስ ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ፦ የከተማው ምክር ቤት ስለ ጉድጓዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱን ስምንት ጊዜ ስላጋለጡልን እናመሰግናለን። እስካለፈው ወር ድረስ የክልሉ መንገድ ቢሮ ኃላፊ እርስዎ እንደነበሩና ሦስት ማመልከቻ እንዳስገባንልዎ ግን ትሕትናዎ ከልክሎዎት ሳያነሱት ቀሩ።

2ኛ፦ መልስ ስናጣ ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ዕለት ተሰበሰቡ። በያጁ የገዛ ሱቁን በር ነቅሎ ወፍራም ላሜራ አመጣ፤ ጎሚስታውና አናጺው ከሥሩ ብረት አጋደሙ። ሰኞ አምቡላንሱ እናቴን ከደጃፏ አነሳት። ረቡዕ ማለዳ አስተባባሪዎችዎ መጥተው ጉድጓዱ ተከድኖ ቢያገኙት በጣም ከፋቸው፤ ችግራችን በካሜራ መታየት አለበት ብለው፣ ሲያበቃ ሊመልሱት ቃል ገብተው ላሜራውን አነሱት። እኛም የዋሆቹ፣ ከብዷቸው ብናይ አብረን ተሸከምንላቸው።

3ኛ፦ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው፣ ንግግር ያደረጉበት ሜዳ ጭቃ ስለነበር ላሜራው ከእግርዎ ሥር ተነጠፈ። ጫማዎ ሳይቆሽሽ ስለ ጉድጓዳችን መናገር በመቻልዎ ደስ ብሎናል። ከዚያም ከመድረኩ እንጨት ጋር ተጭኖ ሄደ። ቢሮዎ ስንደውል፣ የዘመቻው ንብረት ስለሆነ በሚቀጥለው ከተማ እንደሚያገለግል ተነገረን። እዚያም ጉድጓድ አለ አሉ፤ እሰየው።

4ኛ፦ ተፎካካሪዎም ሐሙስ መጥተው እዚያው አፋፍ ላይ ፎቶ ተነሱ። እርስዎ ምክር ቤቱን፣ እሳቸው እርስዎን ወቀሱ፤ ጉድጓዱን የነካው ግን የለም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

5ኛ፦ ረቡዕ የመጣው አምቡላንስ መንገዱ ተቆርጦ ስላገኘው ከማዶ ቆመ። ጎረቤቶቼ እናቴን በወንበር ተሸክመው በሜዳው በኩል ሊያሻግሯት ቢሞክሩ ጠባቂዎችዎ መርሐ ግብሩ ይረበሻል ብለው መለሷቸው። አምቡላንሱም ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። ዓርብ ፊቷና እግሯ አብጦ ትንፋሽ አጠራት፤ ይህን የምጽፈው ከሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ አልቆብኛል። ተናድጃለሁ። አስፋልት አልለመንንዎትም፣ ድልድይም አልጠየቅንዎትም፤ የራሳችንን ላሜራ ይመልሱልን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እርስዎም ከልብዎ ከሆነ የጭነት መኪና አይገድዎትም።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት የጉድጓዳችንን ያህል ጥልቅ መሆኑን በማረጋገጥ፣

ልብስ ሰፊዋ፣ ከጉድጓዱ ወዲያ ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በየአጥሩ የተለጠፈውን የረቡዕ ዕለት ፎቶዎን አየሁት። ከኋላዎ በወንበር ላይ ሆና እጇን ያነሳችው፣ ከሥሯም «እናቶች ከእኛ ጋር ናቸው» ተብሎ የተጻፈባት አሮጊት እናቴ ናት። እጇን ያነሳችው አሳልፉኝ ብላ ነበር።