መቶ አሥራ ሁለተኛው አሚኖ አሲድ

ሰኞ፣ ጥር 6

የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ በረዶ ጋግሮ ጠበቀኝ። አጸዳሁት፤ ሌላ ማን ያጸዳል? ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን እንኳ የሚያነብ የለም፦ «ሦስቴ ሳይቆጠር ምንም አይነካ።»

በስብሰባው ቴክኒሺያኗ ውጤቷን አቀረበች። የቫይረሱ ኢንዛይም መቀስ ነው፤ ቫይረሱ እንዲራባ ረጅሙን ፕሮቲን ይቆራርጥለታል። ስለቱ፣ ከተሠራበት የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት መቶ አሥራ ሁለተኛው። እሱን በሌላ ቀየርነው፤ መቀሱ መዶልዶም ነበረበት።

«ይቆርጣል፣ ዶክተር። ካልተነካው እኩል።»

«ቱቦ አቀላቅለሻል።»

«አላቀላቀልኩም። ሦስቴ ሠርቼዋለሁ።»

«ሦስቴ ተሳስተሻላ!»

ሰው ሳቀ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

የሥራ ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። «ጥንቃቄ ይጎድላታል፤ ባይታደስላት» ብዬ ለአስተዳደር ጻፍኩ። አጭር፣ ንጹሕ ደብዳቤ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ባለቤቴ፦ «ዛሬ ደግሞ ማንን ስትበላ ዋልክ?»

ስለ ቴክኒሺያኗ ነገርኳት።

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ዝም አለች።»

«እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ብዬሃለሁ። ተሳስቼ እንዳይመስልህ።»

ራቴን ትቼ ተነሳሁ።

ዓርብ፣ ጥር 10

ስህተቷን በወረቀት ላሳያት ብዬ የኢንዛይሙን ሰንሰለት አተምኩ። በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠርኩ...

የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ኢንዛይሙ ተሠርቶ ሲያልቅ ተቆርጦ ይወድቃል። አይቆጠርም። ይህን ስንት ዓመት አስተማርኩ? የተቀየረው ኢንዛይም እንዲሠራልን ትእዛዙን ስጽፍ ግን ቆጥሬዋለሁ። የቀየርነው መቶ አሥራ አንደኛውን ነው! ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ጎን ለጎን፤ ማንም ልብ አላለም። ስለቱ አልተነካም። መቀሱ ለምን አይቆርጥ?

ትእዛዙ ላይ ያለው ፊርማ የኔ። የኔ ብቻ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ለምን ኪሴ? ማን እንዳያይብኝ?

ቅዳሜ፣ ጥር 11

አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 13

በጠዋት አስተዳደር ሄጄ ደብዳቤዬን አነሳሁ። ከዚያ ስብሰባው። «ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ። ድምፄ አልወጣም፤ ደገምኩት። ወረቀቱን ዘርግቼ የት እንደተሳሳትኩ አሳየሁ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት፣ ሁሉም ፊት።

«ደብዳቤውስ?»

ታውቅ ኖሯል! እያወቀች ሳምንቱን ሙሉ «እንደምን አደሩ» ስትለኝ...

«አንስቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት።»

«ዛሬ ጠዋት» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ውሏ ታድሷል። በትክክለኛው ቦታ የተቀየረው ኢንዛይም ምንም አይቆርጥም። ፊቷን ቀና አድርጌ ማየት ግን ገና አልቻልኩም።

ቀጣዩን ትእዛዝ ከመላኬ በፊት ጠረጴዛዋ ድረስ ይዤ ሄድኩ።

«ቁጠሪልኝ።»

«እርስዎ ስንቴ ቆጠሩ?»

«ሁለቴ።»

ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«አንድ ይቀርዎታል።»

እዚያው አጠገቧ ቆሜ፣ እንደ ተማሪ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ።