መርፌ አይወድም የተባለው ሕመምሽ

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። በግምት እንደማልናገር ታውቂያለሽ።

ፍኖተ ሰላም ክረምቱ ጠንቷል። የጓሮ ጎመንሽን የጎረቤት ፍየል ጨርሶታል፤ የግቢው በር ማጠፊያ ተሰብሮ በገመድ አስሬዋለሁ። ፈተና ሳርም አሁንም ብቻዬን እጮሃለሁ፤ ቀስ በል፣ ልጆች ናቸው የሚለኝ ግን የለም።

ዓይንሽ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰሽ በረንዳው ላይ ነጠላሽን ስታጣጥፊ ነበር። በማግስቱ ታላቅ ወንድምሽ ጋሼ ደምሴ ከጅጋ መጡ። ገና ሳይቀመጡ የወፍ በሽታ ነው አሉ። ወፍ ደግሞ መርፌ አይወድም፣ የተወጋ ሁሉ አፈር ገብቷል፣ ሐኪም ቤት ከወሰድካት እህቴን የገደልካት አንተ ነህ አሉኝ። የተወቀጠ ቅጠል በጠርሙስ ይዘው ነበር። ጠጣሽ። እኔ፣ በአንድ ለአምስት ስብሰባ የቃለ ጉባኤ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር የማርመው የጂኦግራፊ መምህር፣ ዝም አልኩ። አምስት ሳምንት። አምኛቸው እንዳይመስልሽ፤ ገዳይ እንዳልባል ፈርቼ ነው።

የሰውነትሽ ማሳከክ እንቅልፍ ሲነሳሽ ቡሬ ሄድን። አልትራሳውንዱ ጉበትሽ ውስጥ ያለው የሐሞት ቧንቧ መስፋቱን አሳየ። ከዚያ ላኩን፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ትኩሳት ጀምሮሽ ነበር። ሐኪሙ ኤምአርአይ ካልተነሳች ሐሞቱን የሚያፈስ መርፌ አላስገባም ሲለኝ ጮኽኩበት፤ እናንተ ፎቶ ስትሰበስቡ ሰው ይሞታል አልኩት። አልተቆጣም። ፊልሙ ሲመጣ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። የቀኙና የግራው ቧንቧ የሚገናኙበት ቦታ ታፍኗል። በየትኛው ጎድን ሥር እንደሚገባ፣ የትኛውን ወገን እንደሚያፈስ ሳያውቅ ቢወጋ፣ የማይፈስ ቦታ ነክቶ መግል ያስይዛል። ገባር ወንዞች የተሳሉበት ካርታ ነበር፣ ጥሩዬ። ካርታ ሳታነቡ መንገድ አትጀምሩ እያልኩ ያረጀሁት ሰውዬ አፈርኩ።

ሆድሽን ሳይከፍት ቀጭን ቱቦ አስገባልሽ። ሐሞቱ የሚወርድበት ከረጢት ሲሞላ አይተሽ፣ ይኸን ሁሉ ተሸክሜ ነው ለካ የኩታህን ጥጥ ስፈትል የከረምኩት ብለሽ ሳቅሽ። ሦስት ሌሊት ሳታኪ ተኛሽ። ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ይዞሽም ሄደ። ሐኪሙ ቀድማችሁ ብትመጡ ትድን ነበር አላለኝም፤ ትኩሳቱ ሳይጀምር ብናገኛት ይሻል ነበር ነው ያለው። ቃሉን አልለውጥም። ግን ይበላኛል።

ትናንት ጋሼ ደምሴ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው መጡ። ሲያወልቁ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ያንቺን መሰለ። ይሂዱና ቅጠልዎን ይጠጡ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ፊልምሽን ከካርታዎቼ ጥቅል ውስጥ አውጥቼ መስኮቱ ላይ ያዝኩላቸው። ቆመው ብዙ አዩት። መርፌው አሟት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ሌሊት ተኝታለች አልኳቸው። ከካፖርታቸው ውስጥ የቅጠሉን ጠርሙስ አውጥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ቡሬ እንሄዳለን። የእሳቸው ሕመም ያንቺ ዓይነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ምስሉ ይናገር። ይቅር አላልኳቸውም። ራሴንም። ግን ከእንግዲህ አንቺን ዝም ብዬ አላስታውስሽም፤ ቢጫ ዓይን ባየሁበት ደጅ ሁሉ ስምሽን ጠርቼ እናገራለሁ፣ ገዳይ ቢሉኝም።