በገብሱ ማሳ ባቄላ ዘራሁ

ይርጋዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። እኛ እዚህ መካነ ብርሃን ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ልጃችን አስቴርም ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። እዚያ ወሬ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም፤ ካልደረሰህ ከእኔው ስማው። ተዳፋቱ ማሳህ ላይ ባቄላ ዘራሁ። እንዳትቆጣ፣ መጀመሪያ እስኪ ልጨርስልህ።

በዚህ ማሳ በየዓመቱ እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ መሬቱን ገብስ ታከተው፣ አንድ ዓመት በባቄላ ይረፍ እልሃለሁ። አንተ ደግሞ ወይዘሮ ዘይነባ የምትገዛን ገብስ ነው ትለኛለህ። እውነትህን ነው፣ ጎንደር ፒያሳ በሶ ለምትሸጥ ሴት ባቄላ ምኗ ነው? እስኪ ንገራት ስልህ፣ መሬቴ ደከመ ካልኳት ሌላ ገበሬ ትፈልጋለች አልከኝ። አንተ መቼም ዝም አይነቅዝም ባይ ነበርክ። አፈሩ በጎርፍ ሲወርድ፣ ፍሬው ሲቀጥን አብረን አየን።

ከሞትክ በኋላ ዘይነባ ለቅሶ ልትደርሰኝ መጣች። በዚያው ማሳውን ላሳያት ወሰድኳትና ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? የፍሬውን ማነስ ካየች ቆይታለች፤ አንተን ብትጠይቅህ ግን ዋጋ ለመቀነስ ሰበብ የፈለገች እንዳይመስልባት ፈርታ ኖሯል። ሁለታችሁም ይሉኝታ ይዟችሁ መሬቱን አስራባችሁት! እንጀራዬ ከዚህ መሬት እስከወጣ ድረስ ድካሙ የእኔም ነው አለችና ባቄላውን ሽሮ አስፈጭታ ልትሸጥ ተስማማን። ያለሙያዋ ገብታ የመጀመሪያውን ሽሮ ባቄላውን በደንብ ሳትቆላ አስፈጨችው፤ ደንበኞቿ ጥሬ ጥሬ ይላል ብለው መለሱባት። እሷ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

ባቄላው ሲያብብ አንዱን ነቅዬ ሥሩን ባየው ትናንሽ እባጭ ወርሶታል። በሽታ መስሎኝ ክው አልኩ። የግብርና ባለሙያዋ ግን መሬቱን የሚያደልበው እሱ ነው አለችኝ። ስንት ዘመን ስታርስ አንተ አይተኸው ታውቅ ነበር? ካጨድኩ በኋላ ሥሩን እዚያው ተውኩት፤ ከብትም አላስገባሁም። ከአጨዳ በኋላ ማሳ የሁሉም ከብት መሰማሪያ ነውና ጎረቤት አኩርፎኝ ከረመ። ዘንድሮ ገብስ መልሼ ዘራሁበት። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ በጣቴ እቆፍራለሁ፤ አፈሩ ጠቁሯል፣ ትልም አለው። ያ ሁሉ ትል የት ቆይቶ መጣ እያልኩ እገረማለሁ። ገብሱም ሸጋ ነው።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። በእናንተ ይሉኝታ ስስቅ ቆይቼ የራሴው ትዝ አለኝ። በመጨረሻው እርሻህ በሬዎቹን አቁመህ ጎንህን ስትይዝ ከዳር ሆኜ አይቼሃለሁ። አንድ ቀን አይደለም፣ ደጋግሜ። ያምሃል ወይ ብልህ ደከምክ፣ አረጀህ ያልኩህ እንዳይመስልህ ብዬ ዝም አልኩ። ምነው በጠየቅኩህ፣ ይርጋዬ።

በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። የአስቴር ፊት ጠቆር ባለ ቁጥር ምን ሆንሽ እላታለሁ፤ ምንም ብትለኝም እስክትነግረኝ ድረስ ከአጠገቧ አልነሳም።

ያንተው ጥሩወርቅ