ስቅ የሚለው አርባ አንደኛው ስኬት

ለክቡር የልብ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡርነትዎ ከነባልደረቦችዎ እንደምን ሰንብተዋል? የከተማዎ ብርድ እንዳይነካዎ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ የጎረቤላው መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ነኝ። ልቤ እየዘገየ ይጥለኝ ስለነበር ባለፈው ታኅሣሥ ፔስሜከር የተባለውን የልብ ምት መጠበቂያ ከግራ ደረቴ ቆዳ ሥር ቀብራችሁ፣ ሽቦውን ወደ ልቤ ሰዳችሁ፣ በእግሬ ሸኝታችሁኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው።

በቅርቡ ደግሞ በሬዲዮ ቀርበው፣ መሣሪያው ከተተከለላቸው አርባ አንድ ሕሙማን አርባ አንዱም እንደተሳካላቸው፣ ችግር የገጠመው አንድም ሰው እንደሌለ ሲያበሥሩ ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ስቅ አለኝ። በእኛ አገር ስቅ ያለው ሰው ስሙን የሆነ ቦታ አንሥተውታል ይባላል፤ ያነሡኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን ከሦስት ቅሬታ ጋር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስቅታው ከጥር ጀምሮ አልለቀቀኝም። የጤና ጣቢያችን ነርስ ፀደንያ ሽቦው ከቦታው ተንሸራቶ፣ ልቤን ትቶ የመተንፈሻ ጡንቻዬን ሳይነካካ አልቀረም ብላ ወደ እናንተ ጽፋልኛለች።

ሁለተኛ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ለስድስት ሳምንት ግራ ክንዴን እንዳላነሣ፣ ከባድ ነገርም እንዳልይዝ በወረቀት ጽፋችሁ ሰጥታችሁኝ ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛ። ሥራዬንም ሳትጠይቁ በካርዴ ላይ ገበሬ ብላችሁ ስለጻፋችሁ ማኅሌት መቆሜን አላወቃችሁም። ድጓ እንጂ እንግሊዝኛ ያልተማርኩት እኔም የከተራ ዕለት የከበሮውን ማንገቻ በዚያችው ባልሻረች ትከሻዬ አንግቤ፣ ታቦቱ እስኪያርፍ ድረስ ስመታ ዋልኩ።

ሦስተኛ፤ ሦስት ጊዜ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ ከካርድ ክፍል ተመለስኩ። ፋይሌ ውጤታማ ተብሎ ተዘግቷል፤ እንዲከፈት ችግር መኖር አለበት፤ ችግር ደግሞ በሪፖርታችሁ መሠረት የለም። ለካ የተሳካለት የሚባለው በራችሁን በእግሩ አልፎ የወጣ ሁሉ ነው። በስንት ልመና ለሐምሌ ቀጠሩኝ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ወይዘሮ ቦሰና የጋቢዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጋር ሳትቋጥር ከደጅ አታስወጣኝም። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። ሌላውን ሁሉ ቢዘሉት እንኳ ይህችን ቃል ያንብቡልኝ።

በግንቦቱ በዓላችሁ ላይ ስለ ስኬታችሁ እንድመሰክር የላኩልኝ ጥሪም ደርሶኛል። እንዴት እቀራለሁ? ንግግሬ በስቅታ ቢቆራረጥ፣ ስሜ በየስፍራው እየተነሣ መሆኑን ለታዳሚው ያስረዱልኝ።

በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ፣ ግራ ክንዴን ግን ሳላነሣ፣
መሪጌታ ዘርአ ዳዊት
ከአርባ አንዱ አንዱ

ማሳሰቢያ፤ ለበዓሉ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ያዘጋጁልን፤ ሽቦው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ቦሰና ቋጠሮውን አልፈታም ብላለች። ከዚያ በፊት ገደል ብገባ ቁጥሩን ለማረም አይድከሙ፤ ከግቢያችሁ ውጭ ነውና። አብራኝ የምትወድቀውም እርሷ ናት፤ እርሷ ደግሞ መጀመሪያም ከአርባ አንዱ አልተቆጠረችም።