ከጌታቸው ራስጌ ያሉት ማራገቢያዎች

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ሁለተኛው የሠርግ ካሴት ገብቷል። ሙሽሪት ከመኪና ትወርዳለች፣ ኮምፒዩተሬ ያገሳል። ወፍጮ ቤት በይው። ውስጡ ሦስት ማራገቢያ አለ፣ ሦስቱም ይጮኻሉ። የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ ስገለብጥ ማሽኑ ይግላል፣ ሲግል ይጮኻል፣ ሲጮኽ ጌታቸው ይነቃል። አልጋው ከጠረጴዛዬ አንድ ክንድ አይርቅም። ቤታችን አንድ ክፍል፣ የት ልውሰደው?

ስሚኝማ ደብተሬ። ዶ/ሯ ልቡ የሚያገግመው እንቅልፍ ሲያገኝ ነው ብላለች። ባሌ ግን ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ይውላል። ረበሸህ ወይ ስለው፣ ኧረ ምንም አይል ይለኛል። ውሸታም።

ከሰዓት

እትዬ አስካለ መጥታ ሄደች። የጌታቸው ታላቅ እህት። ቁጭ ሳትል ማሽኑን ገላመጠችው። "የምታስታምሚው ወንድሜን ነው ወይስ ጄኔሬተር?" አለችኝ። የዛሬ ሳምንት መኪና ይዛ ልትመጣ ነው። ኮንዶሚኒየሟ ከተማ ዳር ነው፣ ጸጥ ያለ፣ እዚያ ይተኛል አለች። ክፋት የላትም። የከፋኝም እሱ ነው። ሥራውን ልተው እንዳልል የምንበላው ከዚሁ ነው። እሱን ልስደድ እንዳልል... ከተጋባን ጀምሮ እኮ ያለ እሱ አላደርኩም።

ጌታቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮቱን አየ።

ጥቅምት 5፣ ዓርብ

ከድርን ጠራሁት። አምስት ኪሎ ኮምፒዩተር የሚጠግነው። ከበሩ ሳያልፍ ሳቀ። "ማዘር፣ ማሽኑን አራስ ቤት አስገባሽው እንዴ? ምን ይሄ ሁሉ ልብስ!"

ዳንቴሌን ነው የሚለው። በእጄ የሠራሁት፣ ባለ ጽጌረዳ! ተቆጣሁ። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ይሄ ብቻ ራቁቱን ይቀመጥ? ደግሞ ሰፈሩ እየፈረሰ አቧራው መች ያስቀምጣል? ለካ ሙቀቱ የሚወጣው ከላይና ከኋላ ኖሯል። እኔ አፍኜ ይዤ ለምን ጮኸ እላለሁ። ገፈፍኩት። ጩኸቱ ወዲያው ጋብ አለ። ጋብ እንጂ አልተወም።

ከዚያ ከፈተልኝ። የፊተኛው ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ይስባል። መካከል ያለው ዋናውን፣ የሚያስበውን ክፍል ያቀዘቅዛል። የኋለኛዋ ትኩሱን ታስወጣለች። ሁለቱ አራት አራት ሽቦ አላቸው፣ ቀስ በሉ ሲባሉ ይሰማሉ። የኋለኛዋ ባለ ሦስት ሽቦ ናት። ቀስ የምትለው የሚደርሳት ኤሌክትሪክ ሲቀነስ ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ እንደ ባለ አራቶቹ ተደርጋ ስለተሞላች ትእዛዙ አይገባትም፣ በሙሉ ጉልበቷ ስትሮጥ ኖራለች። ምስኪን።

ማሽኑ ሲነሣ ኪቦርዱ ላይ ዲሊት የሚለውን ሲጫኑ የሚመጣ፣ ማራገቢያዎቹ የሚታዘዙበት ገጽ አለ። ከድር እዚያው የኋለኛዋን ባለ ሦስት ሽቦ ብሎ አስተካከላት። አንድ አንድ መስመር ለየማራገቢያው። ከታች ሙቀት፣ ከጎን ፍጥነት። 12ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ የሣልኩት ግራፍ! ተነሥልኝ አልኩት ከድርን። ራሴ ልሥራው።

ጥቅምት 7፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅሽም። ትናንት ሦስቱንም በጣም አዘገየኋቸውና ማሽኑ ተቃጠልኩ ብሎ እርፍ፣ ጠፋ። የሰው ሠርግ መሐል! ካሴቱን እንደገና ከመጀመሪያው። ዛሬ ገባኝ። አንዱ ብቻ እየሮጠ ከሚጮኽ ሦስቱ ተጋግዘው ቀስ ቢሉ ይሻላል። የፊተኛው ዝግ ብሎ ይስባል፣ የመካከለኛው ሙቀቱን እያየ ይጨምራል፣ የኋለኛዋ በቀስታ ታስወጣለች። ጌታቸው ከምሳ በኋላ ትንሽ አሸለበ። ጮቤ ልረግጥ ስል አልጋውን እንዳልነቀንቅ ተውኩት።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ፣ ማታ

በጨለማ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን አትዪብኝ።

አላርፍ ብዬ ነው። ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ሦስቱም ጭራሽ ይቁሙ ብዬ ሞላኋቸው። ከሰዓት ጌታቸው ተኝቷል፣ እውነተኛ እንቅልፍ፣ አፉ ከፈት ብሎ። ካሴቱ አለቀ። ማሽኑ በረደ። የፊተኛው ቆመ፣ የመካከለኛው ቆመ፣ የኋለኛዋም። ከቸርችል ጎዳና የወያላው ጥሪ እስኪሰማኝ ድረስ ጸጥ አለ። ሠራሁት! ብዬ ዞር ስል ጌታቸው ቆሟል። በባዶ እግሩ። እጁ ግድግዳውን ይዳብሳል። "መብራቱን አጥፊ! ፊልሙ! ፊልሙ!"

አቀፍኩት። ልቡ ክንዴ ላይ ይዘላል። ላቡ ቀዝቃዛ።

ሲረጋጋ ነገረኝ። ፒያሳ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳይ እንደኖረ ታውቂያለሽ። የማሳያ ማሽኑ መብራት እሳት ነው፤ ፊልሙን ከቃጠሎ የሚያድነው ማራገቢያው ነው። ማሽኑ አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። እየጮኸ እስካለ ደህና። ዝም ካለ ግን ፊልሙ ሊቃጠል ነው። "ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ዝምታው ግን ይገድለኛል" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይኑን አየሁት።

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስተኛ ይሄን ነገሩን አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ጋ ያለው ጸጥታ ታወሰኝ።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

አብረን ሠራን። እኔ ገጹ ላይ፣ እሱ አልጋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ። የኋለኛዋን ከፍ፣ ዝቅ። "በዛ።" "አሁን ጠፋች።" "ትንሽ... እህ። እሷ ናት። አትንኪያት።" አጠገብሽ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ ያህል ብቻ ነው የምትሰማው። ሌሎቹ ይቁሙ፣ ይነሡ፣ እንደፈለጉ። እሷ ከዚህ አትወርድም።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

እትዬ አስካለ ደረሰች። መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል፣ ቦርሳ ይዛለች፣ ፒጃማ ሁሉ ገዝታ። ካሴት እየገለበጥኩ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ተበላሸ እንዴ አለች በሹክሹክታ። እየሠራ ነው አልኳት። አላመነችም፣ እጇን ማሽኑ ላይ አደረገች።

ጌታቸው ተኝቷል።

ካሴቱ አለቀ። የፊተኛው ቆመ። የመካከለኛው ቆመ። የማየው ማሽኑን አልነበረም፣ የጌታቸውን ፊት ነው። እሷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እሱኑ ታያለች። የኋለኛዋ ብቻ ቀረች። ጌታቸው ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ጋቢውን ሳበ፣ ቀጠለ።

የማክሰኞውን በጆሮዋ ነገርኳት። ቦርሳውን አልጋው ሥር ገፋ አድርጋ ሾፌሩን ልታሰናብት ወጣች። "ፒጃማው እዚሁ ይልበሰው" ብቻ ነው ያለችው። ዳንቴሉን ሸለምኳት፣ ለቴሌቪዥኗ።

ከድር የኋለኛዋ ማራገቢያ ሳታርፍ ከሠራች ቶሎ ታልቃለች ብሎኛል። ስታልቅ ሌላ እገዛለሁ። ወስኛለሁ፤ ጌታቸው በተኛበት እሷ አትቆምም። አሁን የሚቀጥለውን ካሴት ላስገባ፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳይነቃ።